ጽዋው ይለፈኝ ያልኩ ቀን

እኔ የማርያምን ጽዋ አልቀምስም ያልኩ ዕለት በከተማችን በወገዳ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ትርንጎ ከማን ጋር ተጣልታ ነው? ባሌም ጠየቀ፣ ጎረቤትም ጠየቀ፣ በርበሬ ሊገዛ የመጣው ሁሉ ሚዛኑን እያየ ጠየቀ። እኔ ግን እንደዚያ ሰሞን ከሰው ጋር ሰላም የሆንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። የተጣላሁት ከገዛ ጉበቴ ጋር ነበር። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ላጫውታችሁ።

በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ዛላውን ከገበሬ ገዝቼ፣ ቀንጥሼ፣ ደልዤ፣ ቀምሜ፣ አስፈጭቼ እሸጣለሁ። እስቴና ጋይንት ድረስ ሰው ልከው የሚያስገዙኝ ደንበኞች አሉኝ። ዕድሜዬ ወደ ሃምሳ ተጠግቷል፤ ሁለት ሴት ልጆቼን ድሬያለሁ። ባሌ ሞላ ገበሬ ነው፤ እርሻው ከከተማው ጥግ ስለሆነ «አንቺ ገበያ ላይ ስትስቂ በሬዎቼ ይደነግጣሉ» እያለ ይቀልድብኛል። በሽታ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ጉንፋን ሲይዘኝ እንኳ አፍሬ እደብቀዋለሁ። ሰው «አንቺስ ብረት ነሽ» ሲለኝ ደስ ይለኛል፣ ምን እዋሻለሁ፣ እኮራም ነበር።

ሆስፒታል ያደረሰኝ የወንድሜ ሚስት ምጥ ነው። ወልዳ ደሟ አልቆም ብሎ በአምቡላንስ ደብረ ታቦር ሲወስዷት አብሬ ሄድኩ። ደም የሚሰጥ ሰው ይፈለጋል ሲባል ወንዶቹ እርስ በርስ ሲተያዩ እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁ። ለእሷ የሚሆነው ደም ከተቀመጠው ተገኝቶ ተሰጣት፤ የእኔ ተመርምሮ ለሌላ ችግረኛ ይሆናል አሉኝ። እሷም ተረፈች፣ ልጁም ተረፈ። እኔ ወገዳ ስመለስ ደም መስጠቴን ያልነገርኩት ሰው የለም። ሰንበትበት ብሎ ስልክ ተደወለና ውጤትዎን መጥተው ይስሙ ተባልኩ። የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ አዲሱን ነጠላዬን አጣፍቼ ነው የሄድኩት።

ውጤቱን የነገረኝ ወጣት ልጅ ነው። አልወቅሰውም፤ በሩን ዘግቶ፣ ወንበር ስቦልኝ፣ በእርጋታ ነው ያናገረኝ።

«እናቴ፣ ደምዎ ውስጥ የጉበት ቫይረስ ተገኝቷል። ስለዚህ ይህ ደም ለሰው አይሰጥም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር አስረዳኝ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ በጣቱ ሲቆጥርልኝም አያለሁ። እኔ ግን «ለሰው አይሰጥም» ከሚለው ቃል ማለፍ አቃተኝ። በመጨረሻ ገባዎት ወይ ሲለኝ ገብቶኛል አልኩት፣ አመሰግናለሁ ብዬም ወጣሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለውን ያን ቀን አየሁት። በመካነ ኢየሱስ በኩል ስመለስ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የነበረች ሴት ከቆሎዋ ዘግና ስትዘረጋልኝ እጄን ሰበሰብኩ። እኔ የምነካው ሁሉ የሚመረዝ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ ውስጥ እንደ እንግዳ መኖር ያዝኩ። ከሞላ ጋር በአንድ ትሪ መብላት ተውኩ፤ ቀድሜ በልቻለሁ እያልኩ እዋሸዋለሁ። አንድ ኩባያ ለራሴ ለይቼ ከድስቶቹ ኋላ ደበቅሁ። ወገቤን አመመኝ ብዬ መኝታዬን ወደ መደቡ አዛወርኩ። በርበሬውን ድሮ በጣቴ እየቀመስኩ ነበር የማጣፍጠው፤ መቅመሱን ብተው ጨው በዝቶበት ደንበኞቼ አኮረፉ። የወንድሜ ሚስት በክርስትናው ዕለት ልጁን «እንኪ፣ ያንቺም ልጅ ነው» ብላ ስትሰጠኝ እጄ በርበሬ ነክቷል ብዬ ሸሸሁ። ያን ልጅ አቅፌ አለመሳሜ ከሁሉም በላይ አንጀቴን በላኝ።

ጤናዬ ደግሞ ከድቶኝ አረፈ። ውጤቱን እስክሰማ ድረስ ጉበት በየት በኩል እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር። ካወቅኩ በኋላ ግን ቀኝ ጎኔ ውሎ አድሮ ይወጋኝ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ዓይኔ ቢጫ ሆኖ እንደሆነ በመስታወት አያለሁ። እህል አልወርድ አለኝ። ቀበቶዬን እያጠበቅሁ ሳለ ገበያተኛው ምን ነካሽ፣ ከሳሽ ይለኛል። እንግዲህ በሽታው ገባ እላለሁ በልቤ። ይኼ ሁሉ ሲሆን ወገዳ ጤና ጣቢያ ሄጄ አልጠየቅሁም። እዚያ ካርድ የምታወጣዋ ሳትቀር ታውቀኛለች። እኔ ትርንጎ ታመምኩ ተብሎ ገበያ ላይ እንዲወራብኝ አልፈለግሁም።

እንዲህ እያልኩ ኅዳር ጽዮን ማርያም ደረሰች።

የማርያም ማኅበር አለን፤ ወር በገባ በሃያ አንድ እየተዞረ ይዘከራል። የዚያ ወር ተረኛ ጓደኛዬ ደብሬ ነበረች። ደብሬ ከእኔ ሱቅ ትይዩ ሽሮና ቅመም ትሸጣለች፤ አብረን ተድረን፣ አብረን ወልደን፣ አብረን ያረጀን ነን። ቀጣይዋ ተረኛ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ተረኛ የሆነ ሰው ጽዋውን በእልልታ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። የጽዋው ሥርዓት ለማታውቁት፣ ጠላ የተሞላ አንድ ዕቃ ነው፤ በነጭ ጨርቅ ይሸፈናል፤ ቄሱ ይባርኩትና ከዳር እስከ ዳር ሁሉም ከዚያው ከአንዱ ዕቃ ይጎነጫል። እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነበር፤ ከኋላ ጥግ እቀመጥና ጽዋው ሲደርሰኝ አልቆ ይሆናል አልኩ። ደብሬ ግን ክንዴን ይዛ ተረካቢማ ከፊት ነው ብላ ከአባ ይታየው ጎን አስቀመጠችኝ። ከአባ ቀጥሎ ጠጪዋ እኔ ሆንኩ ማለት ነው። የቀረው ማኅበርተኛ በሙሉ ከእኔ አፍ በኋላ ሊጠጣ ነው።

አባ ይታየው የማኅበራችን ቄስ፣ የእኔም የንስሐ አባት ናቸው። ጸሎቱን አድርሰው፣ ቀምሰው፣ ጽዋውን ወደ እኔ ዘረጉ። ነጠላዬን በአፌ ላይ ያዝኩ።

«ይለፈኝ፣ አባ» አልኳቸው።

አባ እጃቸውን ሳይመልሱ አመመሽ እንዴ ብለው ጠየቁኝ። አዎ ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ያ ብረትነቴ ግን ጉድ ሠራኝ፤ ኧረ ደኅና ነኝ አልኩ። አባ አቀርቅረው ትንሽ አሰቡ። በእኛ ዘንድ ጤነኛ ሰው የማርያምን ጽዋ የሚያሳልፈው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ከማኅበርተኛው መካከል የተቀየመው ሰው ካለ። ቂም ይዞ ጽዋ አይጠጣም።

«ልጄ፣ ቂም አለሽ?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። ምን ልበል? ዝም ማለቴ እንደ አዎ ተቆጠረ። አባ ጽዋውን መልሰው በጨርቁ ሸፈኑትና ከደብሬ ቤት አይንቀሳቀስም አሉ። በመካከላችን የተቀያየመ ሰው እያለ ሌላውም አይጠጣም፣ ዕርቁ ይውረድና ያን ጊዜ እንጠጣለን ብለው ተነሡ። ሰው ዳቦውን በእጁ እንደያዘ እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። ሁሉም ምናልባት እኔን ይሆን እያለ ይመስለኛል። ደብሬ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ እርሻ ደርሷል። ሞላ ጤፍ ሲያጭድ ውሎ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣ፤ ማጭዱን ከበሩ ላይ አንጠልጥሎ አጠገቤ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ሞላ ተናጋሪ አይደለም፤ የቤቱ ንግግር የእኔ ድርሻ ነው።

«እኔን ነው?» አለኝ።

«ምኑን?»

«የተቀየምሽው። ከገበታዬ ሸሸሽ፣ ከመኝታዬ ወጣሽ። አሁን ደግሞ የማርያምን ጽዋ። ልጆቹ እስኪያገቡ ነበር የታገሥሽኝ? ልትሄጂ ከሆነ ንገሪኝ፤ ከሰው አልስማው።»

ይኼን ሲናገር ድምፁ ተሰበረ። ስንት ዘመን አብሬው ስኖር ሞላ ሲያለቅስ ያየሁት አባቱ የሞተ ጊዜ ብቻ ነው። እቅፍ ላደርገው ተነሣሁ፣ ከዚያ ትዝ አለኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ። አንተን አይደለም፣ እምላለሁ አልኩት። ታዲያ ማንን ነው አለኝ። ጠዋት እነግርሃለሁ አልኩት። ያን ሌሊት ሁለታችንም በየመኝታችን ስንገላበጥ አነጋን።

ጠዋት ልነግረው አፌን ሳልከፍት በር ተንኳኳ። አባ ይታየው በመስቀላቸውና በጭራቸው፣ ከኋላቸው አያ ቢተው። አያ ቢተው የማኅበራችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ለዕርቅም፣ ለጋብቻም፣ ለድንበርም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ራስ የሚላጩትም እሳቸው ናቸው። ከሁለቱ ኋላ ደግሞ ደብሬ አጎንብሳ ድንጋይ በማጅራቷ ተሸክማ ቆማለች። ይቅርታ የሚለምን ሰው እንዲህ ነው የሚመጣው፤ ይቅር ብዬሻለሁ እስኪባል ድንጋዩን አያወርድም።

እኔ ደንግጬ ምንድን ነው ይኼ አልኩ። አባ ልጄ ተናገሪ አሏት። ደብሬ ከድንጋዩ ሥር ሆና ማልቀስ ጀመረች።

«በርበሬሽን ነው። በፍልሰታ ጊዜ የእስቴዎቹ ነጋዴዎች ሲመጡ፣ የሷ ውስጥ የሸክላ አፈር አለበት ብያቸዋለሁ። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው። ሰምተሽ እንደተቀየምሽኝ ትናንት ገባኝ። ይቅር በይኝ።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። እኔ ይኼን ነገር አልሰማሁም። ነጋዴዎቹ ለምን እንደቀሩ ስገረም ነበር የከረምኩት። በዚያ ሁሉ ጭንቀቴ ላይ ደሜ ፈላ። የእኔን በርበሬ? እኔ በእጄ የምለቅመውን? አንቺ ከሀዲ ልላት አፌን ከፈትኩና ሳቅ አመለጠኝ። ስስቅ እንባዬ መጣ። ሳቁ ቆሞ ልቅሶው ቀጠለ። ሞላ ውሃ ቀድቶ ለእንግዶቹም ለእኔም ሰጠ፤ ሰው ሲያለቅስ ሞላ የሚያውቀው መድኃኒት ውሃ ነው።

«ደብሬ፣ ድንጋዩን አውርጂው። ይኼን አሁን ካንቺ ነው የሰማሁት። ቂም የለኝም» አልኳት። «ጉበቴ ውስጥ ቫይረስ አለ። ደብረ ታቦር ነው የነገሩኝ። ደምሽ ለሰው አይሆንም አሉኝ። በጽዋው እንዳልጨርሳችሁ ብዬ ነው።»

አያ ቢተው በእጃቸው ያለውን ብርጭቆ አዩት፤ ሳይጎነጩ ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። ምንም ክፋት የላቸውም፣ ደግ ሽማግሌ ናቸው። ግን አየሁ። ለዚያ ሁሉ ቀን የፈራሁት ይኼንኑ ነበር፣ አሁን በዓይኔ አየሁት፤ እንዲህ ሆኜ ከምኖር ብሞት ይሻለኛል አልኩ በልቤ። ሞላ ግን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ጭኔ ጭኑን እስኪነካው ድረስ። ይኼ ነው እንዴ አለኝ። ይኼ ነው አልኩት። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ባሌ እኮ ደስ ብሎት ነው።

አባ መስቀላቸውን ከእጅ ወደ እጅ እያዛወሩ ቆዩ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ የጸሎቱን አውቃለሁ፣ የጉበቱን አላውቅም። የሚያውቁት ደግሞ ሩቅ አይደሉም። ተነሡ።»

ተነሥተን ሄድን። ቄሱ ከፊት፣ እኔና ባሌ ከኋላ፣ ደብሬ ድንጋዩን ጥላ ግን አሁንም እያነባች፣ አያ ቢተው በዱላቸው እየተደገፉ። በገበያው መሀል ስናልፍ ሰው፣ የተፈረደበት ተከሳሽ የሚወሰድ መስሎት፣ ቆሞ ያየናል። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሲስተር ሰላም፣ የክፍሉ ነርስ፣ ሽማግሌ ተልኮባት የመጣ መስሏት ብድግ አለች። ነገሩን ስትሰማ ባለጉዳይዋ ብቻ ትግባ፣ ሌላው ውጭ ይጠብቅ አለች። ልክ ናት። እኔ ግን ለብቻዬ ሰምቼ ምን እንደሆንኩ አይቻለሁና ሁሉም ይግቡ አልኳት።

ልጅቱ ቀስ ብላ ነበር የምታስረዳው። ይኼ ቫይረስ ያለበት ሰው ብዙ ነው፣ ብዙው ሳያውቀው ይኖራል አለች። የሚተላለፈው በደም ነው፣ በባልና ሚስት ግንኙነት ነው፣ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ነው። ባልዎ ይመርመር፣ ከሌለበት ክትባት አለው፤ ልጆችዎም ባሉበት ይመርመሩ። እርስዎ ደግሞ መድኃኒት ያስፈልግዎት እንደሆነ የሚታወቅበት ተጨማሪ ምርመራ አለ፣ ከዚያ በየስድስት ወሩ መታየት ነው፤ መጠጥ ግን ይቅርብዎ አለችኝ። ይኼን ሁሉ ደብረ ታቦር ያለው ልጅ በጣቱ እየቆጠረ ነግሮኝ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

አባ ግን በዚህ የሚረኩ አይደሉም። እንደ ጉባኤ ቤት ተማሪ አንድ በአንድ ይጠይቋት ጀመር።

«በአንድ ትሪ መብላትስ?»

«አይተላለፍም፣ አባ።»

«መስቀል መሳለም? ሕፃን አቅፎ መሳም?»

«አይተላለፍም።»

«ጽዋውስ? ከአንድ ዕቃ መጠጣት?»

«አይተላለፍም። የሚያስፈራው ደም ነው፤ በአንድ መርፌ መወጋት፣ ጥፍር መቁረጫ፣ በአንድ ምላጭ መላጨት...»

ይኼን ስትል ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያ ቢተውን አየ። አባ ሳያስቡት እጃቸውን ወደ ጥምጣማቸው ሰደዱ። እሳቸውም በአያ ቢተው ነው የሚላጩት። ሲስተር ሰላም ነገሩ ገብቷት አንድ ምላጭ ለስንት ሰው ይሆናል ብላ አያ ቢተውን ጠየቀቻቸው።

«እስኪደንዝ» አሉ አያ ቢተው።

አቤት የሰው ነገር። ጽዋውን ስንፈራ ምላጩን አጥር ሥር ተሰልፈን ስንጋራው ኖርን ማለት ነው። ማንም አልሳቀም። ደግነቱ መመርመሪያው ያን ቀን ነበረ። አባ ይታየው ራሳቸው እጃቸውን ቀድመው ዘረጉ፣ ቀጥሎ ሞላ፣ ቀጥሎ አያ ቢተው። ውጭ አግዳሚው ላይ ተደርድረን ስንጠብቅ ልቤ ለሞላ ነበር የሚመታው። እየጠሩ ለየብቻ ነገሯቸው። ሞላ ሲወጣ ፊቱን አይቼ አወቅሁ፤ የለበትም፣ ክትባቱን ይጀምራል። አባም ነፃ ናቸው። ከዚያ አያ ቢተው ገቡ። ቆዩ። በሩ ተከፈተና ሲስተር ሰላም እኔን ጠራችኝ፤ እሳቸው ናቸው ትግባልኝ ያሉት።

አያ ቢተው ወንበሩ ላይ ናቸው፤ ዱላቸው መሬት ወድቋል። ልጅቱ እንደገና ስትነግራቸው ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነበር። ያን ዓይን አውቀዋለሁ። አያ ቢተው ከመጀመሪያው ቃል በኋላ አንዱንም አልሰሙም። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ጎናቸው ሄደና ያዘው።

ሲስተር አስረድታ ስትጨርስ እኔ ከአጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

«አያ ቢተው፣ ትናንት ጎንዎን ያምዎት ነበር?»

ዞረው አዩኝ። «ኧረ የለም» አሉ።

«እንግዲያስ ዛሬም አያምዎትም። ትናንት የነበሩት ሰው ነዎት፤ ዛሬ ማወቅዎ ብቻ ነው አዲሱ። እጅዎን ያንሡት።»

እጃቸውን አነሡ። እኔም ያንን ስናገር በስንት ቀኔ የራሴ ጎን ጸጥ ማለቱን አስተዋልኩ። ልጅቱ የተናገረችውን ሁሉ እኔ በእኛው አነጋገር ደጋገምኩላቸው፤ ምን ይብሉ፣ ምን ይተዉ፣ መቼ ይመለሱ። ያሳዘናቸው አንድ ነገር ነው፤ በዚህች እጄ የስንቱን ራስ አድምቻለሁ፣ ከእኔ ወደ እነሱ ሄዶ ይሆን ወይስ ከእነሱ ወደ እኔ እያሉ ተብሰለሰሉ። ሲስተር ይኼ አይታወቅም፣ ምናልባት ከተወለዱ ጀምሮ ይሆናል፤ የሚጠቅመው እነሱም መጥተው መመርመራቸው ነው አለቻቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያ ቢተው ምላጭ ሳይዙ አጥሩ ሥር ቆመው ነገሩን ራሳቸው ተናገሩ። ማንም አላስገደዳቸውም። አሁን የሚላጭ ሰው ሁሉ የራሱን ምላጭ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ላጪው ግን አሁንም እሳቸው ናቸው።

ያን ቀን ግን ከጤና ጣቢያው በቀጥታ ደብሬ ቤት ገባን፤ ጽዋው እንደተሸፈነ ነበር። ማኅበርተኛው ተጠራ። ጠላ ተከልክላለች ሲባል ደብሬ ማር በጥብጣ ብርዝ አቀረበች፤ አባም ማርያም የምታየው ልብን እንጂ ጠላን አይደለም ብለው ያንኑ ባረኩት። ነገሩን ለሁሉም ራሴ ተናገርኩ። ከዚያ ጽዋውን ተቀብዬ ጠጣሁ። ከእኔ ቀጥሎ የተቀመጠችው አንዲት ወጣት ሙሽራ ነበረች፤ ጽዋውን ተቀብላ ጥቂት አመነታች። አልፈረድኩባትም፣ እኔም ብሆን አመነታ ነበር። አያ ቢተው ከወዲያ ማዶ ሆነው ለእኔ አቀብሉኝ፣ ተራዬን አልጠብቅም አሉ። ይኼን ስትሰማ ልጅቱ ጎነጨች። ከዚያ ዞረ። ጽዋውን ይዤ ስወጣ ያሰሙት እልልታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

የበርበሬውን ጉዳይ ደግሞ ዝም አላልኩም። ደብሬን ይቅር ብያታለሁ፣ ግን በሚቀጥለው ገበያ የእስቴ ነጋዴዎች ሲመጡ ከእኔ ሱቅ ፊት አስቀምጬ ንጹሕ በርበሬ ነው እያለች እንድትጠራ ፈረድኩባት። ጠርታለች። ድምፅ የላትም እንጂ በደንብ ጠርታለች።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ታይቻለሁ፤ ለጊዜው መድኃኒት አያስፈልግሽም ተብያለሁ። ልጆቼም ባሉበት ተመርምረው ነፃ ናቸው ተብለዋል። ወፍሬያለሁ፣ ሞላ ከትሪው እየተሻማሁት ተቸግሯል። የወንድሜ ልጅ ድክ ድክ ይላል፤ ጉንጩን ጨርሼዋለሁ። ቫይረሱ እንዳለ አለ። አንዳንዴ ሌሊት ይታወሰኛል፣ ያን ጊዜ እፈራለሁ፤ አልፈራም ብዬ ብዋሽ ትታዘቡኛላችሁ። ግን ካለማወቅ ማወቄን እመርጣለሁ። ያከሳኝ በሽታው ሳይሆን ለብቻዬ የተሸከምኩት ግማሽ ወሬ እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ደብቄው ያልነበረኝን ሕመም ሁሉ አመጣሁበት።

እናንተ ይኼን የምታነቡ፣ ተመርመሩ። እንዳትቀሩ። ውጤት ልትሰሙ ስትሄዱ ግን ብቻችሁን አትሂዱ። ሰው የሚሰማው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው፤ የቀረውን የሚሰማላችሁ፣ ቤት ስትገቡም የሚደግምላችሁ አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ባል፣ እኅት፣ የንስሐ አባት፣ ማንም ይሁን። አሁን በየወሩ ማለት ይቻላል አንዱ ወይም አንዷ ሱቄ ድረስ መጥተው በጆሮዬ ያንሾካሹካሉ፤ ሚዛኑን አስቀምጬ አብሬ እሄዳለሁ። ወገዳ አካባቢ ያላችሁ የሚሄድላችሁ ሰው ያጣችሁ እንደሆነ ገበያ ላይ ትርንጎን ብላችሁ ጠይቁ። ሱቄን ዘግቼ እመጣለሁ።